ስም ሲፎግር

(ወረታ ከተማ ላይ ለሕዝብ ከተደረገ ትምህርታዊ ንግግር)



የዛሬውን ነገር የምጀምረው ከጠፋ ቦርሳ ነው። ጋዜጣ ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ፣ የመናኸሪያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መደምደሚያው ያው ነው፦ «ወድቆ ያገኘ ቢመልስልኝ ወረታውን እከፍላለሁ።» ልጅ ሳለሁ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሳነብ፣ ሰውየው ለአንድ ቦርሳ ሲል ከተማችንን በሙሉ ሊሰጥ የተነሣ ይመስለኝ ነበር።

አንዳንዱ ጸሐፊ «ወሮታ» ይለዋል፤ ያው የውለታ ዋጋ፣ የድካም ምላሽ ነው። ስማችን እንግዲህ ክቡር ቃል ነው። ግን እግሩ ሥር ሌላ ቃል ተቀምጧል፤ ወረት። ወረተኛ ማለት ዛሬ ሞቶ የወደደውን ነገ ስሙን የሚረሳ ነው። ነጋዴው ደግሞ ወረት ሲል መነሻ ገንዘቡን ማለቱ ነው። ከተማችን በውለታ፣ በአንድ ሰሞን ፍቅርና በንግድ ገንዘብ መካከል ቆማለች። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦሩና የወልድያው ጎዳና በሚገነጠልበት ቦታ የተቆረቆረች የገበያ ከተማ ሦስቱም ቢደርሷት አይገርምም። አላፊ አግዳሚው ብዙ የሆነበት ቦታ ውለታውም፣ ወረቱም፣ ገንዘቡም አያጣውም።

ሌላም ጣጣ አለ። «ወረታ» እና «ወረዳ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፉም እንደዚያው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰነድ ላወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ «ወረታ» ብዬ ጻፍሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ጠንቃቃ ነበር፤ የተሳሳትሁ መስሎት አረመልኝ። ሰነዱ ሲወጣ የተወለድሁበት ከተማ «ወረዳ» ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሰነዱን ያየ ሁሉ «የትኛው ወረዳ?» ይለኛል። «ፎገራ ወረዳ» እላለሁ። «ከተማውስ?» «ወረዳ።» ወደዚህ ሰነድ ኋላ እመለሳለሁ።

የባሰው ግን ራሱ ፎገራ ነው። አዲስ አበባ ለትምህርት የሄደ የዚህ አገር ልጅ የምለው ገብቶታል፤ ወዲያ ጥግ ላይ የሚስቁትን እያየሁ ነው። በከተማው የወጣት ቋንቋ «ፎገረ» ማለት አታለለ፣ አሞኘ፣ ቀለደ ማለት ነው። ነገሩ ራሱ «ፉገራ» ይባላል። አዲስ ገቢው ተማሪ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲተዋወቅ እንዲህ ይሆናል፦ «ከየት ነህ?» «ከፎገራ።» «አትፎግረና!» «እውነቴን ነው፤ ከፎገራ ነኝ።» «እሱንማ ሰማን፣ ከየት ነህ ታዲያ?»

እኔም በዚህ ወንፊት አልፌያለሁ። ተናድጄ ስለ ፎገራ ከብት አወራሁላቸው፤ በወተቷ ስለተመሰገነችው ላም፣ ዝርያዋ እንዳይጠፋ አንዳሳ ባለው የምርምር ማዕከል እየተጠበቀች ስለመሆኗ። ባላወራሁ ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ የበዛበት የካፌ ወተት በመጣ ቁጥር «የፎገራ ወተት ነው» ይባል ጀመር።

ልብ በሉልኝ፤ ስሙ ምንም አላጠፋም። ጉማራና ርብ ደለላቸውን እያመጡ ሲዘረጉት የኖሩት ሜዳ ስሙን የያዘው ማንም በፉገራ ሳይቀልድ ነው። በኋላ የመጣው የከተማ ቃል ጎረቤት ሆኖ ተቀመጠና ነባሩን ባለቤት ሰው መጠርጠር ጀመረ። ስም የሚያስቀው በራሱ ጥፋት ሳይሆን በጎረቤቱ ነው የምለው ለዚህ ነው። በዚህ ረገድ ደግሞ የእኛ ሜዳ ሀብታም ነው።

ሩዛችንን ውሰዱ። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር ሲሆን፣ መጀመሪያ ከተዘራባቸው የገበሬ ማኅበራት መካከል በደራ ወረዳ በኩል ጅግና፣ በእኛ በኩል ሻጋ ይገኛሉ። ከዚያ ዘመን የተረፈው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ተባለ። ጅግና የቦታ ስም ነው፤ ነገር ግን ከ«ጀግና» የሚለየው በአንዲት ፊደል ቅርጽ ብቻ ነው። «ኤክስ» ደግሞ በእኛ ጆሮ መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ የሚያሰምረው የስህተት ምልክት ነው። ለልጆቻችን የተለዩት ፍቅረኛ ማለትም ሆኗል። እንግዲህ ስሙን ለማያውቅ ሰው አንብቡለት፦ የተሰረዘ ጀግና፤ የተፈታ ጀግና። ይህ የተሻረ ጀግና ግን ለስንት ዓመት ሜዳውን ሸፍኖ የኖረ ዘር ነው። ገበሬው ከነስሙ ወደደው፤ ፍሬው ነጭ ነው፣ ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ሲቀላቀል አያሳፍርም። በሽታ እየደጋገመ ሲያጠቃው እንኳ እሱን ማስተው ቀላል አልሆነም።

ቀጥሎ እዚሁ ያለው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ከሚያስተዋውቃቸው ዝርያዎች አንዱ «ሻጋ» ተባለ፤ በዚያው በቀበሌው ስም። የአካባቢው ሰው ሻጋ ሲባል አገሩን ያያል፤ ጆሮው ትንሽ ከሳተም «ሸጋ» ይሰማል፣ ደስ ይለዋል። መርካቶ ያለው የእህል ነጋዴ ግን ሻጋ ሲሉት መጀመሪያ የሚታየው ሻጋታ ነው። ለእህል ከሻጋታ የከፋ ምን ስም አለ? ይኸው አንድ ቃል፣ ወረታ ላይ ሸጋ፣ መርካቶ ላይ ሻጋታ።

ኔሪካ የሚባለውንም ታውቁታላችሁ። የአፍሪካንና የእስያን ሩዝ አዳቅለው ያገኙት ነው፤ ስሙም «አዲስ ሩዝ ለአፍሪካ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምኅጻር ነው። ጥሩ ስም ነው፤ ከአሜሪካ ጋር ቤት ይመታል። ወላጁ ግን አልታደለችም። ኔሪካን ያስገኘችው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የሩዝ ልማት ማኅበር በምኅጻር «ዋርዳ» ነበረች። የተመሠረተችው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። (ይህን «እ.ኤ.አ.» ነጥቦቹን ትታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ጡት ከተከለከለ ሕፃን በምን ይለያል?) ዋርዳን ፈጠን ብላችሁ ስትጠሯት «ወርዳ» ትሆናለች። የሩዝን ምርት ከፍ ልታደርግ የተቋቋመች ማኅበር ከስሟ ወርዳ! በኋላ «አፍሪካ ራይስ» ተብላለች፤ አባላቷ ከምዕራብ አፍሪካ ውጭ ስለሰፉ እንጂ የእኛን ጆሮ ፈርታ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለ ቀበሌዎቻችን ብዙ አልልም። ጣና ዳር ናበጋ፣ ዋገጠራ፣ ሺና የሚባሉ አሉ። ክረምት ላይ ርብ ሞልቶ፣ ሐይቁም ወደ ማሳው ገብቶ፣ በጎርፍ የተጎዱትን ቀበሌዎች ስም የሚያነብ ጋዜጠኛ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ጠበቅ እንዲያደርግ እመክራለሁ። ላላ ካደረገው ልጆች ሶፋ ላይ ይንከባለላሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚያስቅ ነገር ደግሞ የለም። በዚያው ሜዳ፣ በየክረምቱ ውሃ በሚተኛበት አገር፣ ወረታ ላይ የተሠራው ወደብ «ደረቅ ወደብ» ይባላል። ኮንቴይነር የሚራገፍበት፣ መርከብ የማይደርስበት ወደብ ማለት እንደሆነ ይገባኛል። አማርኛ ግን «ደረቅ» የሚለውን ቃል ለማን እንደሚሰጥ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ስንቅ ለሌለው ቼክና ምክር ለማይገባው ሰው።

እንግዲህ ለምን? ሌላው ሕዝብም ስም ያወጣል፣ ሌላውም ይስቃል። እኛ ላይ የበረታበት ግን አንዱ ምክንያት ፊደላችን ነው። ፈረንጅ ረጅም ስም ሲያሳጥር ብዙ ጊዜ የሚቀረው አጥንት ብቻ ነው፤ አናባቢ የሌላቸው ፊደላት ተደርድረው ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ነፍሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ልማት» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋን ብትወስዱ «ል» ትላለች፤ «ማኅበር» ከሚለው «ማ»። ደርድራችሁ ስታበቁ የያዛችሁት ቁጥር ሳይሆን ቃል ነው። የአማርኛ ምኅጻር በተወለደ በዕለቱ አፉን ይከፍታል። ምን እንደሚናገር አውጪው አስቀድሞ ካልሰማው ሌላው ይሰማዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ራሱ ጆሯችን ነው። ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው አንድ ቃል ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይፈታ አያልፍም፤ ኅብረ ቃል ያድናል። ቅኔ ቤት ያልሄደውም ከአዝማሪ፣ ከልቅሶ ቤት፣ ከሠርግ ዘፈን ያንኑ ልማድ ወስዷል። በሰሙ ብቻ የሚቀመጥ ቃል የለንም። በሊቃውንት አፍ ቅኔ የሚያወጣው ጆሮ ሻይ ቤት ሲቀመጥ የመሥሪያ ቤት ስም እየፈታ ይስቃል፤ ጆሮው ግን ያው ነው።

ፊደልና ጆሮ ሲስማሙ ስንት ያማረ ነገር እንደሚወጣ እዚሁ ክልላችን ውስጥ አለ። የአማራ ልማት ማኅበር በምኅጻር አልማ ነው። አልማ! አልማ ማለት ትእዛዝ ነው፤ መሬትህን፣ መንደርህን አልማ። አንዲት ሴት ዓልማ የተነሣች እንደሆነም አልማ ነው የሚባለው። አንድ ፊደል ሳይጣመም፣ ከየቃሉ የመጀመሪያው ብቻ ተወስዶ እንዲህ ያለ ስም መገኘቱ ዕድል ነው። የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ደግሞ አብመድ ይባል ነበር፤ አሁን አሚኮ ሆኗል። ጣልያንኛ የቀመሱ ሽማግሌዎች አሚኮ ሲሉ ወዳጅ ማለታቸው ነው። ኮርፖሬሽን የሚለው ቃል ለአማርኛ ካደረጋቸው ጥቂት ውለታዎች አንዱ ይመስለኛል።

አብቁተ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፤ ዛሬ ጸደይ ባንክ። በሬ ለመግዛት፣ ማዳበሪያ ለማምጣት በቡድን ዋስትና የተበደራችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። «አብቁ» ከ«በቃ» የወጣ ቃል ነው፤ «በቃ» ደግሞ በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ለወግ ለማዕረግ መብቃት አለ፤ «እግዚአብሔር ለዚህ ያብቃህ» ይባላል። ነገር አለቀ፣ ቆረጠ ማለትም አለ፤ «አበቃ!» ስንል። ብድሩ የወጣለት ቀን ገበሬው የመጀመሪያውን ይሰማል። መክፈያው ደርሶ ሩዙ ጎርፍ የበላው እንደሆነ ሁለተኛውን ይሰማል። ከመጨረሻ የተንጠለጠለችው «ተ» ደግሞ ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ታስመስለዋለች፤ አብቁ… ተ… ተከፈለ? ተወሰደ? እኔ ይህን ስም እወደዋለሁ። ብድር ማለት እንደዚህ ነው፤ አንዳንዱን ያበቃል፣ አንዳንዱን ያበቃዋል።

የማልወደውን ልንገራችሁ። «ጥቃቅንና አነስተኛ»። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሥራ የሌለው ወጣት ተደራጅቶ ብሎኬት እንዲያመርት፣ ኮብልስቶን እንዲያነጥፍ፣ የወተት ላም እንዲይዝ። ግን ስሙን ያወጣው ሰው የእናት ጆሮ አላሰበም። ልጇን ዩኒቨርሲቲ ያስመረቀች እናት ጎረቤቷ «ልጅሽ የት ገባ?» ስትላት «ጥቃቅን ገባ» ብላ እንድትመልስ ተፈረደባት። ጥቃቅን በአማርኛ ምን ምን ነው? ጥቃቅን ነፍሳት፣ ጥቃቅን ስህተት፣ የማይረባ ጥቃቅን ወጪ። «አነስተኛ» መጨመሩም አልረዳውም፤ ያነሰውን መልሶ ማሳነስ ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ እዚያ መለኪያ የነበረው እዚህ ሲደርስ ስድብ ሆነ። ከዚያ ከፍ ብሎ ድርጅት የመሠረተውም ቢሆን ከምፀት አላመለጠም፤ ደጃፉ ላይ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ብሎ ይጽፋል። ሕጉ የሚለው ባለ አክሲዮኑ ከመዋጮው በላይ አይጠየቅም ነው። ሰሌዳውን የሚያነበው ደንበኛ ግን ሰውየው ለሠራው ሥራ ኃላፊነት እንደማይወስድ በግልጽ የለጠፈ ይመስለዋል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም ትርጉም ልክ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚያስገርመኝን። የአገር ተቋም ስም ሲያጥር በምን ይጀምራል? በ«ኢ»። ኢትዮጵያ ከሚለው። ይህች «ኢ» ግን በግዕዝ ሌላ ሥራ አላት፤ ማፍረሻ ናት። ኢአማኒ፣ ኢፍትሐዊ፣ ኢሕጋዊ እንላለን። እንግዲህ በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ተቋቋመ፤ በምኅጻር ኢሰመጉ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 210 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ኢሰመኮ። ሁለቱም የሚጀምሩት በ«ኢሰ» ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው «ኢሰ…» ሲባል ሰምቶ ቀሪውን ሊሞላ አፉን ሲከፍት የሚመጣለት «ኢሰብአዊ» ነው! ለሰብአዊ መብት የቆሙት ተቋማት ስማቸው ከበር ላይ እነሱን ያፈርሳል። ተቋማቱን ለመንካት አይደለም የማነሣው፤ ሥራቸው ከስማቸው ይበልጣል። ግን አገራችን ራሷ ምኅጻር ውስጥ ስትገባ «አይደለም» ሆና መገኘቷ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ላቲን ፊደልም ከዚህ አላዳነንም። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም እስኪባል ድረስ፣ በእንግሊዝኛ ሲያጥር «ኢ፣ ቲ፣ ሲ» ነበር። ፈረንጅ እነዚህን ሦስት ፊደላት ትንንሽ አድርጎ የሚጽፋቸው «ወዘተ» ለማለት ነው። ስልኩ፣ ፋክሱ፣ ኢንተርኔቱ፣ ወዘተ። እኛም ብንሆን ወዘተ ስንል ምኅጻር እየተናገርን እንደሆነ ብዙው ሰው አያስታውስም፤ «ወዘተረፈ» የሚለው ግዕዝ ተቆርጦ የቀረ ነው። የቀረውም ነገር እንደ ስሙ ተርፎ ኖሯል።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣውን ቃል በዚህ መድረክ አልጠራውም፤ እናቶች ተቀምጠዋል። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች ጉዳይ የሚመለከተው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር አራት ፊደል ነበር፤ ኤ፣ አር፣ አር፣ ኤ። አንድ በአንድ ሲቆጠር ምንም የለበትም። ፈረንጁ ሠራተኛ ግን ፊደል መቁጠር ይሰለቸዋል፤ አንድ ላይ ያነበዋል። ሁለቱ «አር» ደግሞ ድምፁን በትክክል፣ እጅግ በትክክል ያጠብቁታል። አገሬው ጎን ለጎን ሆኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስንት የከበረ ስብሰባ ላይ፣ ስንት ባለ ከረባት ሰው ቆሞ ያን ቃል የመሥሪያ ቤት ስም ነው ብሎ ደጋግሞ እንደጠራው አስቡት። መሥሪያ ቤቱ በቅርብ ዓመታት አዲስ ስም ይዟል፤ በእንግሊዝኛ ሲያጥር «አር፣ አር፣ ኤስ» ነው። ስሙ የተለወጠበት የአስተዳደር ምክንያት ሌላ ነው፤ እኔ ግን አዲሱን ስም በሰማሁበት ቀን በስብሰባው ስለሚያስተረጉመው ሰው ተንፈስ ብያለሁ።

እስካሁን ያነሣሁት በጎረቤት ቃል የሚያስቀውን ስም ነው። ከዚህ የሚከፋ አለ፤ የማያስቀው። «ደርግ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሰኔ 1966 ዓ.ም. ወታደሮቹ ሲሰበሰቡ «የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ» ተባሉ። ደርግ ግዕዝ ነው፤ ማኅበር፣ ጉባኤ፣ ኮሚቴ ማለት ነው። ንጹሕ ቃል፣ የሊቃውንት ቃል። ዛሬ የዕድር ኮሚቴያችንን «የዕድሩ ደርግ» ብንለው ማን በሰላም ይሰበሰባል? ቃሉ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እስር ቤትና ጦርነት ተሸክሞ ስለኖረ ወደ መዝገበ ቃላት መመለሻ አጣ። ይባስ ብሎ ያው መንግሥት በ1979 ዓ.ም. ስሙን ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ብሎ ሲለውጥ ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ እስከ 1983 ድረስ ደርግ እንዳለው ቀረ። በአዋጅ የወጣ ስም በአዋጅ አይነሣም።

አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። «ኤይድስ» የሚባል ለሚወፍሩ ሰዎች የሚሸጥ የከረሜላ ዓይነት ነበር፤ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ ተብሎ። ለአርባ ዓመት ያህል ደህና ተሸጠ። ከዚያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሁላችንም የምናውቀው በሽታ በዚያው ድምፅ ተጠራ። ክብደት የሚቀንስ ኤይድስ! ከረሜላው ዐሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ከገበያ ጠፋ። ፋብሪካው ምን በደለ?

ለዚህ ነው በሽታ ስም የሚያወጡ ሰዎች መጠንቀቅ የጀመሩት። በ1976 እ.ኤ.አ. በዛየር ያምቡኩ በሚባል መንደር አዲስ ገዳይ በሽታ ሲገኝ፣ ተመራማሪዎቹ መንደሩ ለዘላለም ስሙ እንዳይጠፋ ብለው በዚያ አገር ባለ ወንዝ ስም ጠሩት፤ ኢቦላ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ለአዲስ በሽታ የአገር፣ የሰው፣ የእንስሳ ስም አትስጡ ብሎ መመሪያ አወጣ። ጎረቤታችን ሊቦ ከምከም ይህን ቢሰማ ይገባዋል። በ1997 ዓ.ም. እዚያ ካላ አዛር ተነሥቶ፣ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው የታወቀው። በሽታው ቀድሞ ከህንድ ስም ይዞ ባይመጣ ኖሮ፣ ዛሬ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ በሊቦ ከምከም ከተማ ስም «የአዲስ ዘመን በሽታ» የሚባል ነገር እናነብ ነበር፤ ከተማዋም ስሟን የሚጋራው ጋዜጣም እኩል ያፍሩ ነበር። አባቶቻችን መመሪያ ሳይወጣላቸው ያውቁበት ነበር። በ1911 ዓ.ም. ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ብሎ አንድን አገር በከንቱ ያሳማበትን ወረርሽኝ እነሱ «የኅዳር በሽታ» አሉት። ኅዳር አይከስም፣ አቤት አይልም።

የተሰደደ ስምስ? ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችን የሚጽፉልንን እናውቃለን። «ሽታዬ» ብሎ ልጁን የሚጠራ አባት ምን ያህል እንደሚወዳት ለእናንተ አልነግርም፤ ቃሉ ራሱ ይሸታል፣ እንደ አሪቲ። ያው ስም በላቲን ተጽፎ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ክፍል ውስጥ ሲጠራ ግን መምህሯ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ላይ ደርሳ ትቆማለች። «አስናቀ»ም እንዲሁ፤ እዚህ ሌላውን ሁሉ ያስናቀ ጀግና ነው፣ እዚያ በላቲን ሲነበብ እባብ ነው። እኛም ብንሆን አጸፋውን መልሰናል። የብራዚሉ ኳስ ተጫዋች ካካ በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ኮከብ ሲባል፣ ሕፃን ያለው ቤት ሁሉ የስፖርት ዜና እየሰማ ምን ያህል እንደሳቀ አስታውሳለሁ።

ከአዳራሹ አንድ ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል፦ «ታዲያ ፎገራ ይለወጥ ትላለህ?» አልልም። የመሥሪያ ቤት ስም የትናንት ነው፤ ካላማረ ቢለወጥ ማንም አያለቅስም። ገዢ ፓርቲዎቻችን እንኳ መስከረም 2011 ዓ.ም. ብአዴን አዴፓ፣ ኦህዴድ ኦዴፓ ሲባሉ፣ ሬድዮው ሲያጓራ በአንድ አናባቢ ብቻ የሚለዩ ስሞች ይዘው አንድ ዓመት ከርመው ሄደዋል። የመሬት ስም ግን ባለቤቱ ብዙ ነው፤ የሞቱትም ድርሻ አላቸው። የአንድ ትውልድ አራዳ ለሚያወጣው ቃል ብሎ ሜዳ ስሙን አይለቅም። «ፎገረ» የሚለው ቃል የእኛን የልጅ ልጆች ዕድሜ መኖሩንም እጠራጠራለሁ፤ የአራዳ ቃል ወረተኛ ነው። ዘር ለሚሰይሙ ወዳጆቼ ግን አንድ ልመና አለኝ፤ የሚቀጥለውን ሩዝ ስም ከማጽደቃችሁ በፊት ስብሰባው ላይ ላልነበረ ሰው፣ ቢቻል ለመርካቶ ነጋዴ፣ ስልክ ደውላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከሳቀ ዝጉት።

ስለዚያ ሰነድ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ዛሬም የተወለድሁት «ወረዳ» ነው። ባለፈው ጊዜ ላሳርመው ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ ሰማችኝ፣ ሳቀች፣ ይቻላል አለችኝ። ነገር ግን እርማቱ ክፍያ አለው። እና አሁን ብሩን እያጠራቀምሁ ነው፤ ወረታን ለማስመለስ ወረታውን ልከፍል።